የአርበኛው ስንቅና ምጣድ፤ የመንዝ አገር ለተማሪ ልጆች የምትሰጠው ትምህርት

ልጅ በጆሮው የሰማውን በማግስቱ ይረሳው ይሆናል፤ በዓይኑ ያየውንና በልቡ የመረመረውን ግን እስከ ሽምግልናው ይዞት ይኖራል። ስለዚህ ያገሩን የነጻነት ተጋድሎ የሚማር ተማሪ፣ የነገሥታቱንና የጦር አለቆቹን ስም፣ የጦርነቱንም ቀን በቃሉ ከመያዙ ጋራ፣ በዚያ ዘመን የኖሩ ሰዎች በእጃቸው የያዙትን ዕቃ ያየ እንደ ሆነ፣ ታሪኩ እንደርሱ ያለ ሥጋና ደም የለበሰ ሰው የሠራው መሆኑን ያስተውላል። የቤተ መዘክር ጥቅሙ በዚህ ነው።

ነገር ግን ለነጻነት ታሪክ በቆመ ቤተ መዘክር ምን ይቀመጥ? ብሎ ሰው የጠየቀን እንደ ሆነ፣ ብዙዎቻችን ፈጥነን የምንመልሰው ጎራዴ፣ ጋሻ፣ ጠመንጃ፣ ለምድና ካባ በማለት ነው። ይህ መልስ ሐሰት የለበትም፤ ሆኖም ግማሽ መልስ ነው። የቀረውን ግማሽ ለመፈለግ ዛሬ አንባቢዎቻችንን ከአዲስ አበባ አስነሥተን ወደ ሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ወደ መንዝ፣ ወደ ግሼና ወደ መርሐ ቤቴ ይዘናቸው እንወጣለን። አባቶችና እናቶች፣ መምህራንም፣ በልባቸው ልጆቻቸውን አስከትለው ይምጡ።

መነሻችን ስድስት ኪሎ ይሁን። በዚያ የቆመው የየካቲት 12 ሐውልት በጎኑ በተቀረጸው ምስል፣ በ1929 ዓ.ም. የካቲት 12 ቀንና በተከታዮቹ ቀኖች የአዲስ አበባ ሕዝብ የተቀበለውን መከራ ለመንገደኛው ሁሉ ይናገራል። ከዚያው አጠገብ ያለው የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩበት ስፍራ ነው። ቤቱ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ሆኖ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መዘክር በውስጡ ይገኛል። ከቤቱም ፊት ለፊት ወደ የትም የማያደርስ ደረጃ እየተጠመዘዘ ወደ ሰማይ ወጥቶ ቆሟል። ይህን ደረጃ ያሠሩት ፋሺስቶች ሲሆኑ፣ ሙሶሊኒ በሮማ ሥልጣን ከያዘበት ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ ለያንዳንዱ የገዛበት ዓመት አንድ እርከን እንዲሆን አስበው ነበር። ነጻነት ከተመለሰ በኋላ ግን በጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። እርከኑን በጣቱ እየጠቆመ የሚቈጥር ልጅ፣ ለዘላለም ይቀጥላል የተባለው ቍጥር የት ላይ እንደ ቆመ ያለ አስተማሪ ያውቀዋል። አንድ ዕቃ በስፍራው ሲቀመጥ ምን ያህል እንደሚያስተምር ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም።

በ2016 ዓ.ም. በየካቲት ወር ደግሞ በአዲስ አበባ በፒያሳ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ቤተ መዘክር ተከፍቷል። በ1888 ዓ.ም. የካቲት 23 ቀን የተገኘው ድል የሚታሰብበት ይህ ቤት፣ ታሪኩን ለከተማው ልጅ በእጅጉ አቅርቦለታል።

እነዚህን ሁሉ ያየ ተማሪ ግን ወደ ቤቱ ሲመለስ አንድ ጥያቄ ሳይመለስለት ይቀራል። ጠመንጃ የያዘው ሰው ማታ ማታ ምን በላ? ሲቈስል ማን ተሸከመው? አምስት ዓመት ሙሉ በበረሃ ሲኖር ሚስቱ፣ ልጆቹና አሮጊት እናቱ የት ነበሩ? የዚህን ጥያቄ መልስ ለመስማት ወደ መንዝ መውጣት ያሻል።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሰሜን ምሥራቅ በኩል የሄደ መንገደኛ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ደብረ ብርሃን ይደርሳል። ከዚያም እያዘገመ ወደ ጣርማ በር ይወጣል። በጣርማ በር ተራራውን ፈልፍሎ ወደ ደብረ ሲና የሚያወርደው ዋሻ መንገድ ኢጣልያኖች በወረራው ዘመን የሠሩት ነው። ይህም ራሱ አንድ የታሪክ ምስክር ስለ ሆነ፣ መምህሩ ተማሪዎቹን በዚያ ጥቂት ሊያቆማቸው ይገባል። ጠላት መንገድ የሚሠራው ለምንድን ነው? ብሎ ይጠይቃቸው። መድፍና ወታደር ቶሎ ለማድረስ መሆኑን ራሳቸው ሲደርሱበት፣ አርበኞቹ መንገድ የሌለበትን አገር ለምን እንደ መረጡ ወዲያው ይገባቸዋል።

ከጣርማ በር ወደ ዋሻው መንገድ ሳይገቡ ወደ ሰሜን የታጠፉ እንደ ሆነ መንዝ ይጀምራል። መንዝ ከጥንት ጀምሮ በሦስት ይከፈላል፤ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድር፣ ጌራ ምድር ይባላል። የጌራ ምድር ዋና ከተማ መሐል ሜዳ ነው፤ የማማ ምድር ሞላሌ ነው። በደቡብ የሞፈር ወንዝ፣ በምዕራብ አዳባይና ወንጪት፣ በሰሜን ቀጨኔ ይከቡታል፤ በምሥራቅ በኩል ደግሞ መሬቱ በአንድ ጊዜ ተቈርጦ ወደ ይፋት ቆላ ይወርዳል። ከሸዋ ነገሥታት ዘር መጀመሪያ የሆነው ነጋሢ ክርስቶስ የተነሣው ከዚሁ አገር ነው። በስተ ሰሜን ግሼ ከከተማው ከራቤል ጋራ ወደ ወሎ ጠረፍ ይቀጥላል። ወደ ምዕራብ ደግሞ ታላላቆቹን ሸለቆዎች ተሻግሮ መርሐ ቤቴ አለ፤ ዋና ከተማውም ዓለም ከተማ ነው። የነዚህ ሸለቆዎች ውሃ ሁሉ በጀማ በኩል ወርዶ ወደ ዐባይ ይገባል።

ደጋው ሜዳ ይመስላል፤ በፈረስ የሚጋልብ ሰው እስከ ሰማይ ጠርዝ የሚደርስ ይመስለዋል። ጥቂት እንደ ሄደ ግን መሬቱ ከእግሩ ሥር ይጠፋና ገደል ይሆናል። በገደሉ ወገብና ሥር ብዙ ዋሻ አለ። ብርዱ ብርቱ ነው፤ ስለዚህም የመንዝ ሰው ከበጉ ጠጕር ባና ሠርቶ ይለብሳል። ምድሩ ከሁሉ ይልቅ ገብስ ይስማማዋል። አንባቢዎቻችን እነዚህን ሦስት ነገሮች፣ ዋሻውን፣ ባናውንና ገብሱን፣ በልባቸው ያኑሩልን፤ የአርበኝነቱ ታሪክ በሦስቱ ላይ የቆመ ነውና።

የኢጣልያ ጦር በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ከገባ በኋላ፣ እስከ 1933 ዓ.ም. ሚያዝያ 27 ቀን ድረስ በሸዋ ውጊያው አልተቋረጠም። በኋላ ራስ የተባሉት አበበ አረጋይ ሠራዊታቸውን ይዘው በዚህ ደጋና ሸለቆ ሲዘዋወሩ ጠላት አምስት ዓመት ሙሉ ሊይዛቸው አልቻለም። ይህን ሁሉም ተማሪ በመጽሐፍ ያነበዋል። በመጽሐፍ ብዙ ጊዜ የማይጻፈው ግን፣ አርበኛ ማለት ብቻውን የሚዞር ወንድ አለመሆኑ ነው። ቤቱ የተቃጠለበት ገበሬ ሚስቱንና ልጆቹን ለማን ትቶ ይሄዳል? ስለዚህ ከተዋጊው ኋላ ቤተ ሰቡ ሁሉ ከነከብቱ፣ ከነወፍጮው፣ ከነምጣዱ ይከተል ነበር። ሽማግሌው ምክር ይሰጣል፤ ሴቲቱ ትፈጫለች፣ ትጋግራለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ ቍስለኛ ታስታምማለች፤ ልጁ ከብት ይጠብቃል።

በሶን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። በሶ ከተቈላ ገብስ ተፈጭቶ ይሰናዳል፤ ከዚያ በኋላ ጥቂት ውሃና ጨው ካገኘ ይበላል፣ እሳት አያሻውም። አውሮፕላን ከሰማይ ጢስ በሚፈልግበት ዘመን፣ ጢስ የማያወጣ ምግብ ከጋሻ የማያንስ መከላከያ ነው። ጠላት ጥይቱን ከባሕር ማዶ በመርከብ ሲያመጣ፣ የአርበኛው ስንቅ የሚመጣው ከመንዝ ሴት የወፍጮ ድንጋይ ነበር። እንግዲህ ተማሪው በቤተ መዘክር ውስጥ ጠመንጃውን አይቶ በአጠገቡ ስልቻውን ካላየ፣ ያየው የታሪኩን አንድ እጅ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጕዟችን ዋና ነገር ደርሰናል። በመንዝ በቀያ ምድር ዘረት በሚባለው ስፍራ አንድ ዋሻ አለ። ስሙ ዐመፀኛ ዋሻ ይባላል። በ1931 ዓ.ም. የአበበ አረጋይ ሠራዊት በጠላት ብርቱ ጦር ሲከበብ፣ ወዲያ ወዲህ ፈጥነው መሄድ የማይችሉት፣ ማለት ቍስለኞች፣ ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት፣ ከነስንቃቸውና ከነከብታቸው ተሾመ ሽንቁጥ በሚባሉ አርበኛ መሪነት ወደዚህ ዋሻ ገቡ። ጠላት አገኛቸው፤ ከበባቸውም። ዋሻው በገደል ውስጥ ስለ ሆነ በመድፍና በመትረየስ ብቻ ሊደፈር አልቻለም። በዚህ ጊዜ የኢጣልያ ጦር የመርዝ ጋዝ አዋቂዎችን አስመጥቶ፣ ሰናፍጭ የሚባለውን መርዝ የያዘ ቦምብ ከገደሉ አናት በገመድ እያወረደ በዋሻው አፍ ላይ አፈነዳ፤ መርዝ ያለበት የመድፍ ጥይትም ተኰሰ።

ይህ የሆነው ከሚያዝያ 1 እስከ ሚያዝያ 3 ቀን ነው። የዚያ ዓመት ፋሲካ የዋለው በሚያዝያ 1 ቀን ነበር። ይህን ቀን አንድ እናት ብታነብበው ብዙ ማብራሪያ አያሻትም። ሁዳዴን ሙሉ የጾመ የመንዝ ቤተ ሰብ ጾሙን የሚገድፍበት፣ ልጅም ከሌሊት ጀምሮ ዶሮ ወጡን የሚጠብቅበት ዕለት ነው። ተሾመ ሽንቁጥ ከጥቂት ሰዎች ጋራ በሌሊት ከበባውን ጥሰው አመለጡ። ከውስጥ የቀሩት በመርዙ ብዙዎቹ አለቁ፤ በመጨረሻም እጃቸውን ሰጥተው ከወጡት ውስጥ ስምንት መቶ ያህል ሰዎች በጥይት ተረሸኑ። ይህን ቍጥር የምናገኘው የኢጣልያ ጦር ራሱ ካስተላለፈው የቴሌግራም ወረቀት ነው። መርዝ ጋዝን በጦርነት ላይ ማዋልን በጄኔቫ በ1917 ዓ.ም. የተፈረመው ውል ይከለክላል፤ ኢጣልያም ፈራሚ ነበረች። በኢትዮጵያ ላይ መርዝ ጋዝ መጣሉን የኢጣልያ የመከላከያ ሚኒስቴር በይፋ ያመነው ግን በ1988 ዓ.ም. ነው።

የዘረት ሰው ይህን ነገር ዘንግቶት አያውቅም። የውጭው ዓለምና የተማረው ክፍል ያወቀው ግን ዘግይቶ ነው። በ1998 ዓ.ም. ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የተባለ ኢጣልያዊ የታሪክ ጸሐፊ በአገሩ መዝገብ ቤት ያገኛቸውን ወረቀቶች ይዞ ወደ ስፍራው መጥቶ ዋሻውን አገኘው። ከዚያም አልፍሬዶ ጎንሳሌስ ሩይባል የተባለ የስፔን የአርኬዎሎጂ ሊቅ ከኢትዮጵያዊና ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋራ ዋሻውን መርምሮ በ2003 ዓ.ም. ጽሑፍ አወጣ።

በዋሻው ውስጥ ከሰው ዐፅም ጋራ የተገኘው ምንድን ነው? የጥይት ቀለሃ አለ፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ከቀለሃው ይልቅ ልብ የሚነካው ግን የቤት ዕቃው ነው፤ የሸክላ ዕቃ ስብርባሪ፣ የተሰፋ የስንደዶ ዕቃ ቅሪት፣ የጨርቅና የቆዳ ቍራጭ። እነዚህ ሰዎች ወደ ዋሻው ሲገቡ ቤታቸውን ይዘው ገብተዋል። ሴቲቱ ሰፌዷን አልጣለችም፤ ነገ የሚበላ ልጅ አለና። ጸሐፊዎች በብዙ ገጽ ሊያስረዱን የሚደክሙበትን ነገር፣ ማለት በዚህ አገር ነጻነትን የተሸከመው ቤተ ሰቡ ሁሉ መሆኑን፣ አንድ የተሰበረ ምጣድ በአንድ አፍታ ያስረዳል።

ስለ ዋሻው ስም ተማሪዎች ሊመረምሩት የሚገባ ጥያቄ አለ። ዐመፀኛ ማለት ሕግ ያፈረሰ፣ ለገዢው አልገዛም ያለ ማለት ነው። በዘረት ዐመፀኛው ማን ነው? ገዢውስ ማን ነው? ሕጉ የማን ሕግ ነው? በገዛ አገሩ ላይ ያለ ሰው፣ በባሕር ማዶ የመጣውን አልቀበልም ቢል ዐመፀኛ ይባላልን? አንድ መምህር ይህን ጥያቄ በዋሻው ፊትም ሆነ በክፍል ውስጥ ቢያነሣ፣ ልጆቹ ነጻነት የሚለውን ቃል ፍቺ ራሳቸው ፈልገው ያገኙታል።

ሌላም የማይደበቅ ነገር አለ። ጠላት በዚህ አገር የተዋጋው በራሱ ልጆች ብቻ አልነበረም፤ ከቅኝ ግዛቱ ያሰለፋቸውን ወታደሮችና ካገራችን ሰዎችም ባንዳ የሆኑትን ከፊት አስቀድሞ ይዘምት ነበር። ይህን ለልጅ መንገር ያሳፍራል የሚሉ አሉ። እኛ ግን እውነትን የሸሸገ ቤተ መዘክር ልጅን አያስተምርም እንላለን። ጐረቤት በጐረቤት ላይ ለምን እንደ ተነሣ ያልተማረ ልጅ፣ ነገ ሌላ ሰው ቂምን ወይም ገንዘብን ይዞ ሲጠራው የሚመልሰውን አያውቅም።

አሁን ደግሞ ካገራችን ወጣ ብለን አንድ ምሳሌ እናምጣ፤ የምንጠቅሰውም ከጠላታችን ከነበረችው ከኢጣልያ ራሷ ነው። በ1936 ዓ.ም. መጋቢት 15 ቀን ጀርመኖች በሮማ ከተማ ዳር በአርዴአቲኔ ዋሻ 335 ሰዎችን በጥይት ገድለው፣ ሥራቸውን ለመሸፈን የዋሻውን አፍ በባሩድ አፈረሱት። ከነጻነት በኋላ የሮማ ሰዎች ዋሻውን ከፍተው የሟቾቹን ስም አንድ በአንድ ፈልገው፣ ለያንዳንዱ መቃብር ሠርተው፣ በ1941 ዓ.ም. በዚያው መጋቢት 15 ቀን መታሰቢያውን መርቀው ከፈቱ። እስከ ዛሬ በየዓመቱ በዚያ ቀን የመንግሥቱ ሹማምንት ይሰበሰባሉ፤ የተማሪ ቤት ልጆችም ይጐበኙታል። የዘረት ዋሻ ከአርዴአቲኔ ዋሻ በአምስት ዓመት ይቀድማል፤ በውስጡም ያለቀው ሰው ይበዛል። ይህን የምናወዳድረው በመከራ ለመፎካከር አይደለም። የሮማ እናት ለልጇ ያሳየችውን ነገር የመንዝ እናትም ለልጇ ለማሳየት መብት እንዳላት ለማመልከት ነው። ስም የተጻፈለት ሰው ከቍጥር ይወጣል፤ ስማቸው በመዝገብ ያልሰፈረ ስምንት መቶ ሰዎች ግን ቍጥር ሆነው ይቀራሉ።

እንዲህ ያለ ስፍራ ታላቅ ሕንፃና ብዙ ገንዘብ እስኪገኝ መጠበቅ አለበትን? በእኛ አሳብ የመንዝ ሰው የራሱን አብነት ከደጁ ማግኘት ይችላል። በመንዝ ደጋ ላይ ጓሳ የሚባል ሰፊ የሣር ምድር አለ፤ ከፍታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ይህን ምድር ሕዝቡ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በራሱ ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። ሽማግሌዎቹ ተማክረው ለዓመታት ይዘጉታል፤ ሣሩ ሲደርስ ቀን ቈርጠው ይከፍቱታል፤ ከቀኑ በፊት የገባ ይቀጣል። በዚህም ምክንያት ቤት የሚከደንበት ሣር ሳይጠፋ፣ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው ዝንጀሮ ሳይሰደዱ እስከ ዘመናችን ደረሱ። ለሣር ሕግ አውጥቶ ይህን ያህል ዘመን የጠበቀ ሕዝብ፣ ለአያቶቹ ዐፅም ሕግ ማውጣት ይሳነዋል አንልም። ማንም ሰው ያለ ፈቃድ ወደ ዋሻው እንዳይገባ፣ የገባም ዐፅሙን እንዳይረግጥ፣ አንዲት የሸክላ ስብርባሪ እንኳ ኪሱ ከቶ እንዳይወጣ ሽማግሌዎቹ፣ ካህናቱና መምህራኑ ቢስማሙ፣ ዋሻው ሕንፃ ሳይሠራለት ቤተ መዘክር ይሆናል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209/1992ም ቅርስን ያገኘ ሰው ለሚመለከተው ባለሥልጣን እንዲያስታውቅ ያዛል።

አገሩ ሰላም ሆኖ መንገዱ በተመቸ ጊዜ፣ ተማሪዎችን ወደዚህ ይዞ የሚወጣ መምህር አስቀድሞ በክፍል ውስጥ ቢያዘጋጃቸው ትምህርቱ ይሠምራል። አንድ ቀላል ሥራ ቢሰጣቸው መልካም ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ቤተ ሰቡ በቀን የሚበላውን እህል በጣሳ ይስፈር፤ ከዚያም በቤቱ ላለው ሰው አካፍሎ፣ ለሺህ ሰው ያባዛ። ይህን ያህል እህል ማን አረሰው? ማን ፈጨው? በስንት አህያና በስንት ሰው ጀርባ ገደሉን ወረደ? እያለ ይጠይቃቸው። ይህን ሒሳብ የሠራ ልጅ በዋሻው ፊት ሲቆም ዝም ይላል፤ ዝምታውም የማስተዋል ነው። በቤተ መዘክር ውስጥም እንዲሁ፣ መቶ ዕቃ በሩጫ ከማየት አንድ ዕቃ መርጦ፣ ማን ሠራው? ማን ተሸከመው? እዚህስ እንዴት ደረሰ? ብሎ በሦስት ጥያቄ መመርመር ይበልጣል።

ወደ ዘረት መሄድ ለማይችለው ብዙ ልጅ ደግሞ ሌላ ቤተ መዘክር አለው፤ እርሱም የአያቱ ቤት ነው። በመንዝ፣ በግሼ፣ በመርሐ ቤቴ፣ ከዚያም ፈልሰው በአዲስ አበባና በሌላ ከተማ በሚኖሩት ዘንድ፣ ከሣጥን ሥር ወይም ከግድግዳ ላይ ያለ የአርበኛ ዕቃ ጥቂት አይደለም። አሮጌ ባና፣ የጥይት ዝናር፣ ሜዳይ፣ በቀለም የደበዘዘ ደብዳቤ፣ በጢስ የጠቈረ ስልቻ ይገኛል። የእነዚህ ዕቃዎች ጠላት ምስጥ ብቻ አይደለም። በጥቂት ብር ገዝቶ የሚሄድ ነጋዴ አለ፤ አሮጌ ነው ብሎ የሚጥል ወራሽም አለ። ከሁሉ የሚከፋው ግን ዕቃው ቀርቶ ታሪኩ ሲጠፋ ነው። በ1931 ዓ.ም. የዐሥር ዓመት ልጅ የነበረ ሰው፣ በሕይወት ካለ፣ ዛሬ ከዘጠና አምስት ዓመት በላይ ሆኖታል። እርሱ ያለፈ እንደ ሆነ ስልቻው ተራ ቆዳ፣ ዝናሩም ተራ ጠፍር ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ለቤተ ሰብ አለቆች የምናቀርበው ምክር ቀላል ነው። በመጀመሪያ፣ በቤታችሁ ያለውን የአርበኛ ዕቃ ለልጆቻችሁ አውጥታችሁ አሳዩአቸው። ሁለተኛ፣ ልጁ ራሱ በእጁ በአንድ ወረቀት ላይ የባለቤቱን ስም፣ የነበረበትን ስፍራ፣ ዘመኑንና ይህን የነገረውን ሰው ስም ይጻፍ፤ ወረቀቱም ከዕቃው ጋራ ይቀመጥ። ሦስተኛ፣ ለማሳመር ብላችሁ ዕቃውን አትጠቡት፣ አትፈግፍጉት፤ ዝገቱና ጥላሸቱ ራሱ ቃል አለውና። አራተኛ፣ የወንዱን ሜዳይ ስታወጡ የሴቲቱንም መጅ አብራችሁ አውጡ። ባልቴቲቱ «እኔማ ምን ሠራሁ፣ ስንቅ ከማዘጋጀት በቀር» የምትል እንደ ሆነ፣ ልጁ ብዕሩን አንሥቶ መጻፍ የሚገባው በዚያን ጊዜ ነው። አምስተኛ፣ ዕቃውን ለመጠበቅ የማትችሉ እንደ ሆነ፣ ለገዢ ከመስጠት ይልቅ ለቤተ መዘክር በደረሰኝ አስረክቡት፤ ስማችሁና የዕቃው ታሪክም አብሮ እንዲመዘገብ ጠይቁ።

የቤተ መዘክር አዛዦችና ሠራተኞችም ይህን አሳብ እንዲመለከቱልን እንለምናለን። ከጎራዴው ጎን ምጣዱ፣ ከጠመንጃው ጎን የበሶው ስልቻ፣ ከአለቃው ሥዕል ጎን ስሟ ያልተጻፈ የፈጪዋ ሴት መጅ ቢቀመጥ፣ ጐብኚው ተማሪ ሁለቱን በአንድ ዓይን ያያቸዋል። ያን ጊዜ ወታደር ያልሆነ ልጅ፣ ጠመንጃ ይዛ የማታውቅ ልጃገረድም፣ ያገር ነጻነት እኔን አይመለከተኝም አትልም፤ የእናቷ ምጣድ በውስጡ አለበትና።

ነጻነት በጦር ሜዳ ይገኛል፤ የሚጠበቀው ግን በየቤቱ ነው። የመንዝ፣ የግሼና የመርሐ ቤቴ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች የሚናገሩት ገና ካላቸው፣ ልጆቻችንም የሚሰማ ጆሮና የሚጽፍ እጅ ካላቸው፣ ሥራው ዛሬ ማታ በየምድጃችን ዳር ሊጀመር ይችላል።